«ታስረህ ታውቃለህ?»

ካናዳ ለመሄድ የሚያመለክት ስደተኛ ከሚሞላቸው ቅጾች አንዱ ስለ ኋላ ታሪክ ይጠይቃል። በወንጀል ተፈርዶብህ ያውቃል? ወታደር ነበርክ? የፖለቲካ ድርጅት አባል ሆነሃል? ከእነዚህ መካከል ተይዘህ ወይም ታስረህ ታውቃለህ የሚል አንድ መስመር አለ። ከጎኑ ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች አሉ፤ አንዱ «አዎ»፣ ሌላው «የለም»። ናይሮቢ ውስጥ «ፕሮሰስ» የጀመረ ሐበሻ ሁሉ ይህቺን መስመር ያውቃታል። ብዙ ሰው እንቅልፍ አጥቶባታል፤ እኔም አንዱ ነኝ።

እኔ ሁለት ጊዜ ታስሬያለሁ። አንዱ አገሬ፣ አንዱ ኬንያ። በሁለቱም ጊዜ ዳኛ ፊት አልቀረብኩም፣ ክስ አልተነበበልኝም፣ ጥፋተኛ ነህም ነፃ ነህም ያለኝ የለም።

የመጀመሪያው በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ነው። ምርጫ 97ን ተከትሎ በሰኔ የተጀመረው ግድያ በጥቅምት ሲያገረሽ አዲስ አበባ ውስጥ ወጣት መሆን ብቻውን ያሳፍስ ነበር። በኋላ መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በሁለቱ ጊዜያት 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን አረጋግጧል። የታፈሰው ሰው ቁጥር ግን በአሥር ሺዎች ነው። እኔ የተያዝኩት መርካቶ ዳር፣ ከሰፈራችን ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። በእጄ የነበረው ለእናቴ የገዛሁት ዘይት ነው። አንድ ፖሊስ ጠርሙሱን ተቀብሎ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠውና በዱላ ወደ መኪናው ነዳኝ። ዘይቱን እንዳይሰበር አድርጎ ያስቀመጠበት ሁኔታ ዛሬም ይገርመኛል።

ወደ ደዴሳ ወሰዱን። ወለጋ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኝ፣ ቀድሞ የወታደር ማሠልጠኛ የነበረ ቦታ ነው። ጭንቅላታችንን ላጩን። የምንተኛው ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ረጅም አዳራሽ፣ በባዶ ሲሚንቶ ላይ፣ በጎን በጎናችን ተደርድረን ነበር። አንዱ ሲገላበጥ ረድፉ በሙሉ ይገላበጣል። ቀን ሙቀቱ፣ ሌሊት ወባው። አጠገቤ የሚተኛው የሰፈሬ ልጅ ነበር፤ ስሙን እዚህ አላነሣም፣ ወንድሜ እያልኩ ልቀጥል። ትኩሳት ሲይዘኝ ሸሚዙን አውልቆ ያለበሰኝ እሱ ነው። ከሳምንታት በኋላ በአውቶቡስ ጭነው አዲስ አበባ መልሰው በተኑን። መታሰራችንን የሚገልጽ ወረቀት አልተሰጠንም፤ መፈታታችንን የሚገልጽም የለም። ያን ጊዜ ወረቀት መጠየቅ ለማንም ትዝ አላለውም፤ በሕይወት ወጥተን ቤታችን መግባታችን ይበቃን ነበር።

ሁለታችንም ኋላ በተለያየ መንገድ ከኅትመት ሥራ ጋር ተጣበቅን። እሱ አከፋፋይ ሆነ፣ እኔ የመጽሔት ገጽ አቀናባሪ። በ2006 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ፍትሕ ሚኒስቴር ፋክት፣ ሎሚ፣ አዲስ ጉዳይ፣ ዕንቁ እና ጃኖ መጽሔቶችን፣ እንዲሁም አፍሮ ታይምስ ጋዜጣን መክሰሱን ሲያስታውቅ ሙያው በሙሉ ተናጋ። አዘጋጆች በሞያሌም በቦሌም ወጡ። ገጽ የሚያቀናብር ሰው ማን ይፈልገዋል የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ ግን ደዴሳን አይቻለሁ፤ ስምና አድራሻ ሳይጠይቁ ሰው የሚያፍሱ መሆናቸውን አውቃለሁ። መስከረም ላይ ሞያሌን ተሻገርኩ። ወንድሜ ቀድሞኝ ገብቶ ነበር።

ናይሮቢ የገባ ሐበሻ መጀመሪያ የሚያርፈው ኢስሊ ሰፈር ነው። እኔም እዚያው ጀመርኩ። በኋላ ግን በአንድ የአገር ሰው አማካይነት ኪሌሌሽዋ ሥራ ተገኘ። ኪሌሌሽዋ የሀብታም ሰፈር ነው፤ ዛፉ የበዛ፣ አሮጌዎቹ ባለ ሰፊ ግቢ ቤቶች አንድ በአንድ እየፈረሱ ፎቅ የሚተካባቸው። ከመሀል ከተማ 48 ቁጥር ማታቱ ይወስድሃል። እንደ እኔ ያለ ሰው እዚያ የሚኖረው በጓሮ በኩል ነው። ናይሮቢ ውስጥ «ኤስ ኪው» የሚሉት የሠራተኛ ክፍል አለ፤ ከትልቁ ቤት ኋላ፣ አንድ አልጋና አንድ መስኮት ያለው። የቤቱ ባለቤት ከደርግ ዘመን ጀምሮ ኬንያ የኖሩ አዛውንት ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። መኪናቸውን አጥባለሁ፣ አትክልት አጠጣለሁ፣ ማታ ማታ ዓይናቸው ስለደከመ ጋዜጣ አነብላቸዋለሁ። ወንድሜም ማደሪያ ሲያጣ እየመጣ ከእኔ ጋር ያድር ነበር። ጋሼ አይተው እንዳላዩ ያልፉናል፤ ጠዋት ግን ሻይ የሚቀዳው ለሁለት ነው።

ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው፤ የፖሊስ ጣቢያው ታሪክ ግን እንደ ሰፈሩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ላይ ከሶማሊያ ጦርነት ሸሽተው ድንበር ላይ የተያዙ ሰዎች በናይሮቢ ፖሊስ ጣቢያዎች ተበትነው ታስረው ነበር፤ ኪሌሌሽዋም አንዱ ነው። ከ80 በላይ የሚሆኑት በኪራይ አውሮፕላን ወደ ሶማሊያ ተወሰዱ፤ ብዙዎቹም ከዚያ ኢትዮጵያ ገብተው ታሰሩ። ከእነዚህ መካከል አሚር መሻል የሚባል አሜሪካዊ ነበረ። ኒው ጀርሲ ያደገ ወጣት ነው። በሦስት አገር ከአራት ወር በላይ ታስሮ ያለ ክስ ተለቀቀ፤ ከዚያ በኋላ ግን ስሙ አውሮፕላን እንዳይሳፈሩ ከሚከለከሉት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ አገኘው። ከሌሎች ጋር ሆኖ የአሜሪካን መንግሥት ከሶ ለዓመታት ተሟገተ። ይህን ያነበብኩት ለጋሼ ነው፤ ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ። «የአሜሪካ ፓስፖርት ይዞ ነው እንዲህ የሆነው?» አሉኝ። አዎ ስላቸው ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያ አንተ ልጅ፣ የምትይዘውን ወረቀት ሁሉ አትጣል» አሉ። እኔ ግን የምይዘው ወረቀት አልነበረኝም።

ሁለተኛው እስሬ የመጣው ከጋሪሳው እልቂት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2 ቀን 2015 ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከ140 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ በታጣቂዎች ተገደሉ። ኬንያውያን ልጆቻቸውን ቀብረዋል፤ ቁጣቸው ይገባኛል። ቁጣው ግን መንገድ ላይ የሚያርፈው ኪታምቡሊሾ፣ ማለት መታወቂያ፣ በሌለው ሰው ላይ ነው። አንድ ዓርብ ማታ ከማታቱ ወርጄ ስራመድ ሁለት ፖሊሶች አስቆሙኝ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን የሰጠኝን ወረቀት አሳየሁ። አንደኛው በእጅ መብራት አይቶ አራት አጥፎ ኪሱ ከተተው። የሚጠብቁትን አውቄያለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ግን የመሳፈሪያ መልስ ብቻ ነበር። ወደ ጣቢያው ወሰዱኝ።

የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 የተያዘ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ሰዓቱ ከፍርድ ቤት የሥራ ጊዜ ውጭ ካለቀ ግን በሚቀጥለው የሥራ ቀን ነው። ዓርብ ማታ የተያዘ ሰው እስከ ሰኞ ይቆያል ማለት ነው። ይህን የሚያውቁት ጠበቆች ብቻ አይደሉም። ክፍሉ ውስጥ ሰካራሞች፣ ቦዳ ቦዳ የሚባለው የሞተር ታክሲ ነጂዎች፣ ሁለት ሶማሌ ወንድማማቾችና አንድ ከሰው ጋር የማይነጋገር ሽማግሌ ነበሩ። ባልዲው ጥግ ላይ ነው። ሌሊት ሌሊት አጠገቤ ያለው ሰው ሲገላበጥ እኔም ሳላስበው አብሬ እገላበጥ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ስደተኞችን በነፃ የሚረዱ አንዲት ኬንያዊት ጠበቃ ደረሱ። ወንድሜ ሌሊቱን ሲሮጥ አድሮ፣ ጋሼም ስልክ ሲደውሉ አድረው ነው የተገኙት። ብዙ አልተናገሩም። በረኛው ፊት የተዘረጋውን ትልቅ መዝገብ እንዲያሳዩዋቸው ጠየቁ፤ ኬንያውያን «ኦቢ» ይሉታል፤ ጣቢያው የገባ ሰውና የደረሰ ነገር ሁሉ በቁጥር የሚጻፍበት ነው። ስሜን ፊደሉን አዛብተው ጽፈውታል። ጠበቃዋ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ገልብጠው በእጄ አስያዙኝና «ይህን እንዳትጥለው፤ አንድ ቀን ትፈልገዋለህ» አሉኝ። ክስ ሳይመሠረትብኝ ወጣሁ። ኬንያ ውስጥ ያለፈቃድ መገኘት እስከ 500,000 ሽልንግ መቀጮ ወይም እስከ ሦስት ዓመት እስራት ያስከትላል፤ ስንቱ ሐበሻ ጠበቃ ሳያገኝ «ጥፋተኛ ነኝ» እያለ በዚህ አንቀጽ ወህኒ ወርዷል። እኔ ተርፌያለሁ፤ ያተረፈኝ የሚሮጥልኝ ሰው መኖሩ ነው።

ማንዴት የሚባለውን፣ ኮሚሽኑ ስደተኛ መሆንህን የሚያረጋግጥበትን ወረቀት፣ ያገኘነው ከዓመት በላይ ቆይተን ነው። ካልጋሪ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ከቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ጋር አምስት ሆነው ስፖንሰር ሊሆኑኝ ተነሡ፤ የካናዳ ሕግ አምስት ነዋሪዎች ተሰባስበው ስደተኛ አስመጥተው ለአንድ ዓመት እንዲደግፉ ይፈቅድ ነበር። ለወንድሜም ከኤድመንተን ሰዎች ተገኙለት። ቅጾቹ አንድ ሰሞን ደረሱን።

ኢስሊ ውስጥ ቅጽ በመሙላት የሚተዳደር አንድ ሰው ነበር። ጭቅጭቅ የማይወድ፣ የተከበረ ሰው ነው፤ ክፉ አስቦ ያደረገው አይመስለኝም። የእስሩ መስመር ላይ ሲደርስ ብዕሩን አነሣና «ወንድሜ፣ እዚህ ጋ የለም በል። አዎ ካልክ ኢንቨስትጌሽን ይገባና ፋይልህ ዓመታት ይቀመጣል። ማን ያውቃል? ወረቀት የላቸው» አለን። እውነቱን ነው፣ ወረቀት የላቸውም። ወንድሜ ትንሽ አመነታ። የኤድመንተኖቹ እንዳይሰለቹበት ፈርቷል፤ አገር ቤት የተዋት ልጁ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው። «የለም» ተባለለት።

እኔ ቅጼን ይዤ ወደ ኪሌሌሽዋ ተመለስኩ። ጋሼን አማከርኳቸው። «ስደተኛ ያደረገህ ምንድን ነው? እስሩ አይደለም ወይ? እሱን ከካድህ ታዲያ ናይሮቢ ምን ልትሠራ መጣህ ይሉሃል» አሉኝ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የስደተኞች ኮሚሽን ማንዴት የሰጠን ስለታሰርን ነው፤ ስለ ደዴሳ ሰዓታት ሙሉ ቃል ሰጥተን፣ ቃላችን ተጽፎ ፋይላችን ውስጥ ተቀምጧል። ማረጋገጫችን ያ እስር ነው። ቪዛ ፊት ስንቀርብ ደግሞ የምናፍርበት፣ የምንደብቀው ነገር ሆኖ ይመጣል።

«አዎ» አልኩ። «አዎ» ያለ ሰው ግን ዝርዝሩን መጻፍ አለበት፤ ሥቃዩ እዚያ ይጀምራል። ቅጹ የኋላ ታሪክህን ወር በወር፣ አንድም ሳይዘል ይጠይቅሃል፤ የት ነበርክ፣ ምን ትሠራ ነበር፣ አድራሻህ የት ነው። ክፍተት አይፈቀድም። የጥቅምትና የኅዳር 1998 አድራሻዬን ምን ብዬ ልጻፍ? «ደዴሳ፣ ወለጋ» አልኩና የቤት ቁጥር የሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ አደረግሁ። ሥራ በሚለው «እስረኛ»። የክሱ ዓይነት በሚለው «አልተገለጸልኝም»። የፍርድ ቤት ሰነድ አያይዝ በሚለው ፋንታ አንድ ገጽ ጻፍኩ፤ ከመሀል ከተማ አንድ ጠበቃ ፊት ምዬ ፈረምኩበት። ለኬንያው የኦቢውን ቁጥር አያያዝኩ። ከሁለቱ እስሮች ማስረጃ ያለው እሱ ብቻ ነበር።

የኬንያ ወረቀትም የራሱ ግራ መጋባት አለው። ከኬንያ ወንጀል ምርመራ ክፍል የመልካም ጠባይ ማረጋገጫ አምጣ ይሉሃል፤ በኢንተርኔት 1,050 ሽልንግ ትከፍላለህ፣ አሥሩንም ጣቶችህን አሻራ ትሰጣለህ፣ ትጠብቃለህ። የእኔ ንጹሕ ሆኖ መጣ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ቅጼ ታስሬያለሁ ይላል፣ ፖሊስ ምንም የለበትም ይላል። ወንድሜ ወረቀቴን አይቶ «አየህ? የለም ብትል ኖሮ አያገኙህም ነበር» አለኝ። አልተከራከርኩትም።

እሱን ያገኙት ከፖሊስ መዝገብ አይደለም። የራሱን ቃል ከራሱ ቃል ጋር አስተያይተው ነው። ማንዴት ሲሰጠው የተናገረው ደዴሳ ቪዛ ቅጹ ላይ የለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሪጄክት መጣበት። የካናዳ ሕግ ዋና ነገር የደበቀን ወይም ሐሰት ያቀረበን ሰው ለአምስት ዓመት ያግዳል። አሜሪካ ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው። የአሜሪካው ቅጽ ይቅርታ ወይም ምሕረት ብታገኝም እንኳ ታስረህ እንደሆነ ተናገር ይላል፤ የእኛን አገር ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ቃል አይደለም። በሐምሌ 1999 ዓ.ም. 38 የተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎችና ሌሎች ሰዎች በይቅርታ ሲወጡ በአሜሪካ ቅጽ ዓይን «አዎ» የሚሉ ሰዎች ሆነው ነው የወጡት። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የምሕረት አዋጅ ከ13,000 በላይ ሰዎችን ሲምር ምሕረቱ እስሩን ከቅጹ አያጠፋውም። ግን የዚያው የአሜሪካ ሕግ ፍጹም ፖለቲካዊ የሆነን ወንጀል ከመከልከያዎቹ ይለያል። እስሩ ብቻውን በር የሚዘጋባቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው። በር የሚዘጋው መደበቁ ነው። ይህን የሚነግረን ሰው ኢስሊ ውስጥ አልነበረም፤ ስለዚህ ነው የምጽፈው።

የእኔ ኢንተርቪው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ላይ ደረሰ። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ወንድሜ ክፍሌ መጣ። ማን አብሮህ ታሰረ ብለው ከጠየቁኝ ምን እንደምል ከብዶኝ ነበር። ሳልጠይቀው «ስሜን ጥራ። ከዚህ በላይ ምን ይመጣብኛል?» አለኝ።

ቃለ መጠይቅ የምታደርገው ሴት ፋይሌን ገልጣ በአስተርጓሚ ጠየቀችኝ።

«የኬንያ ፖሊስ ምንም የለበትም ይላል። እርስዎ ሁለት ጊዜ ታስሬያለሁ ብለዋል። የትኛው ነው ትክክሉ?»

«ሁለቱም» አልኩ። የፖሊሱ ወረቀት የሚናገረው ስለ ወንጀል ነው፤ የእናንተ ጥያቄ ስለ እስር ነው፤ እኔ ያለ ወንጀል ታስሬያለሁ።

ቀጥላ ደዴሳን ጠየቀችኝ። ጣሪያው ምን ነበር? በምን ላይ ትተኙ ነበር? ማን አጠገብዎ ተኛ? የወንድሜን ስም ሰጠኋት። ሌላ ፋይል ከፍታ አየችና ለረጅም ጊዜ ጻፈች። በመጨረሻ «አሁን እስረኞች ተፈተዋል፣ የታገዱ ጋዜጠኞች ተመልሰዋል፤ ለምን አይመለሱም?» አለች። ያን ሰሞን ናይሮቢ ያለነውን ሁሉ የጠየቁን ጥያቄ ነው። ለውጡን እንደምወደው፣ ቤቴን እንደምናፍቅ፣ ግን ዘይት ልገዛ ወጥቼ ደዴሳ ያደርኩበት አገር ላይ እምነቴ በአንድ ዓመት እንደማይመለስ ነገርኳት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። አስተርጓሚው ውኃ ሰጠኝ።

ተፈቀደልኝ። ምርመራ፣ ክትባት፣ ቀጠሮ። ቲኬቴ ተቆርጦ ሳለ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2020 ላይ በኮሮና ምክንያት የስደተኞች ጉዞ በመላው ዓለም ቆመ። የጤና ምርመራዬ ጊዜው አለፈና እንደገና ተመረመርኩ። ጋሼ በዚያ መሀል አረፉ። ቤታቸውም ተሸጠ፤ የእኔ ክፍል የነበረበት ጓሮ አሁን የፎቅ መሠረት ነው። የበረርኩት እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ ሰማያዊ ጽሑፍ ያለበትን ነጭ የስደተኞች ጉዞ ከረጢት ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ። ቲኬቱ ብድር ነው፤ ከፍዬ ጨርሻለሁ።

ወንድሜ አሁንም ናይሮቢ ነው። የአምስት ዓመቱ እግድ አልፎ ኤድመንተኖቹ ሳይሰለቹ እንደገና አመልክተውለታል። ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ገብታለች። በዚህ ጊዜ ቅጹን የሞላነው በስልክ፣ እሱ እዚያ እኔ እዚህ ሆነን፣ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ቁጭ ብለን ነው። «አዎ» ተብሏል፤ የፊተኛው «የለም» ለምን እንደተጻፈም አንድ ገጽ ተብራርቷል። እኔ ካልጋሪ ውስጥ መሐላ በሚያረጋግጥ ሰው ፊት ቀርቤ ምስክርነቴን ፈርሜያለሁ። በጥቅምትና በኅዳር 1998 ዓ.ም. ደዴሳ አብሮኝ እንደነበረ፣ በግራ ጎኔ እንደሚተኛ፣ ስታመም ሸሚዙን እንዳለበሰኝ፣ ክስ እንዳልተነበበለት፣ ሲፈታም ወረቀት እንዳልተሰጠው ጽፌያለሁ። ፋይሉ መድረሱን የሚያረጋግጥ ኢሜይል መጥቷል። የኢንተርቪው ቀን ገና አልተነገረውም።